ከሰል፣ ቀይ አፈርና መፋቂያ፦ ልጅዎን በቤት ውስጥ ሥዕል ለማለማመድ

ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ሲዘጋ በነቀምቴ ዝናቡም ይበረታል። ከዚያ ወዲያ ጊምቢም ይሁን ነጆ፣ ሻምቡም ይሁን ደምቢ ዶሎ፣ የወላጅ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ልጅ ቤት ውስጥ በምን ላውለው? ቀላሉ መልስ ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሌላውን መልስ ለሚፈልጉ፣ ከ2 እስከ 12 ዓመት የሚሆኑ ልጆች ላሏቸው ወላጆችና አያቶች፣ እንዲሁም ለኦ-ክፍል መምህራን ነው። የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው ከማድ ቤትና ከጓሮ የሚገኝ ነው።

ልጅ ላም ሲስል ባንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ይሠራል። ከፊቱ የሌለችውን ላም በሐሳቡ ይዞ ማቆየት አለበት። ከየት እንደሚጀምር ይወስናል። ቀንዷ ከጆሮዋ በላይ ነው ወይስ ከጎን ብሎ ያስባል። ወረቀቱ ሳያልቅበት አራቱንም እግር ማስገባት አለበት፤ ጣቱንም መግዛት አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥቂት መስመር የአንዲት ላም ምትክ ሊሆን እንደሚችል መረዳቱ ነው። ፊደልም ቁቤም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ሥዕል የሒሳብ ውጤትን ባንድ ሴሚስተር ያሳድጋል ብሎ ቃል የሚገባልዎ ሰው ካለ ግን አይመኑት። ጥቅሙ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፤ እሱም የሚመጣው አዋቂው እጁንና አፉን ሲሰበስብ ነው።

1. ጥግና ሰዓት ይመድቡ

ደመናው ሲከብድ ቤት በቀን ይጨልማል፣ መብራትም ይሄዳል። ስለዚህ ጥጉን ከበር ወይም ከመስኮት አጠገብ፣ ሰዓቱንም ረፋድ ላይ ያድርጉት። ልጁ በቀኝ እጁ የሚስል ከሆነ ብርሃኑ በግራው በኩል ይምጣ፤ አለዚያ የእጁ ጥላ ሥራውን ይሸፍንበታል። ጠረጴዛ አያስፈልግም። ሰሌን ወይም የታጠበ ማዳበሪያ ያንጥፉ፣ በርጩማ ያስቀምጡለት፣ ከፈለገ በሆዱ ተኝቶ ይሳል።

ለ3 ዓመት ልጅ 10 ደቂቃ ብዙ ነው። የ7 ዓመቷ ግማሽ ሰዓት ልትቆይ ትችላለች። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መሳል በሳምንት አንድ ቀን ለረጅም ጊዜ ከመቀመጥ ይሻላል። ሲሰለቸው «ጨርሰው እንጂ!» አይበሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብርድ ነው ብለው በር ዘግተው የከሰል ምድጃ አያንድዱ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል።

2. መሣሪያውን ያሰናዱ

ብዙ ወላጅ የሚቆመው እዚህ ነው። «ከለር የለንም» ይላል፤ ከለር ሲገዛ ደግሞ እንዳይሰበር ብሎ ቁም ሣጥን ላይ ያስቀምጠዋል። ልጅ የማይደርስበት ከለር ምንም አያስተምርም።

ወረቀት፦ ከፎቶ ኮፒና ከጽሕፈት ቤቶች የተበላሸ፣ ባንድ በኩል ብቻ የታተመ ወረቀት በየቀኑ ይጣላል። የሰው ስምና ፊርማ የሌለበትን ለምነው ይውሰዱ። የሳሙናና የብስኩት ካርቶን ሲቀደድ ውስጡ ለቀለም ከደብተር ወረቀት ይሻላል፤ እርጥበት ቶሎ አያጨማድደውም። ያለፈው ዓመት ደብተር የቀሩት ገጾችም አሉ።

ጥቁር፦ ከሰል። ያደረና ፍጹም የቀዘቀዘ ይሁን። ከቀጭን እንጨት የወጣውን ይምረጡ፤ ወፍራሙ በትንሽ እጅ አይያዝም። ግድግዳና ነጠላ ማጥቆሩ አይቀርም፣ ስለዚህ ያረጀ ልብስ ያልብሱት።

ቀይ፦ የወለጋ ቀይ አፈር ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መኪና ከሚመላለስበት መንገድና ከመጸዳጃ ራቅ ካለ ቦታ አንድ ጣሳ ይቆፍሩ። ያድርቁት፣ ይውቀጡት፣ ውኃ ጨምረው በደንብ ያማስሉት። ወዲያው አሸዋው ከሥር ይቀመጣል። ቀዩን ውኃ ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ያሳድሩት። ጠዋት ከላይ የጠለለውን ውኃ ሲያፈሱት ከሥር የሚቀረው የላመ ጭቃ ነው፤ ቀለምዎ እሱ ነው። ማጥለሉን ከዘለሉት ግን አሸዋው ወረቀቱን ይቧጥጠዋል፣ ቀለሙም ሲደርቅ ይረግፋል።

ማጣበቂያ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ይበጥብጡ፣ እሳት ላይ እያማሰሉ እንደ ቀጭን አጥሚት ያድርጉት። ሲበርድ ከቀዩ ጭቃ ወይም ከተወቀጠ ከሰል ጋር እኩል ይቀላቅሉት። ከሁለት ቀን በላይ አያቆዩት፤ ይሸታል።

ሌሎች ቀለሞች፦ ከጀበና የተረፈው ቡና ቡናማ ይሰጣል፤ በረካው ፈዘዝ ያለውን፣ አተላው ጠቆር ያለውን። እርድ ብሩህ ቢጫ ነው፣ ልብስ ላይ ካረፈ ግን አይለቅም። ቀይ ሥር ሐምራዊ ይሆናል። የተወቀጠ ጠመኔ ነጭ ነው። ከጎመን የሚጨመቀው አረንጓዴ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ብዙ አይድከሙበት።

ብሩሽ፦ መፋቂያ። ጫፉ እስኪበጣጠስ ሲታኘክ ጥሩ ብሩሽ ይወጣዋል። ለየልጁ የራሱ ይሁን።

የማይነካ፦ በርበሬ ዓይን ያቃጥላል፣ ኖራ ቆዳ ይልጣል። የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ በዱቄቱ ሰሌዳ ማጥቆር የተለመደ ቢሆንም ውስጡ ያለው ኬሚካል መርዝ ነውና ልጅ እንዳያገኘው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ አፍ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ጠመኔ አይስጡ፤ ትልቁን ዘንግ ይያዝ። ከዚያ ዕድሜ በላይ ላሉት በተቃራኒው አጭር ቁራጭ ይሻላል፤ ጭብጥ አድርገው ሊይዙት ስለማይችሉ በጣታቸው መያዝ ይለምዳሉ።

በክረምት ሥራው ቶሎ አይደርቅም። ገመድ ወጥረው በልብስ መቆንጠጫ ይስቀሉት። ከምድጃ በላይ ግን አይሁን፤ ካርቶን እሳት ይወዳል።

3. ከዕድሜው ምን እንደሚጠበቅ ይወቁ

ይህን ካላወቁ ትክክለኛውን ነገር እንደ ስሕተት ያርሙታል።

ከ2 እስከ 3 ዓመት ገደማ መጫጫር ነው። ልጁ ምንም አልሳለም፤ ክንዱ ሲንቀሳቀስ ምልክት እንደሚቀር እያየ ነው። ይተዉት። 3 ዓመት ሲሆነው ክብ መዝጋት ይችላል። መስቀል የመሰለውን ቅርጽ በ4 ዓመት፣ አራት ማዕዘንን በ4 እና በ5 መካከል፣ ሦስት ማዕዘንን በ5 ዓመት ገደማ አስመስሎ ይስላል። በሰያፍ የቆመውን አራት ማዕዘን የሚችለው ብዙ ጊዜ ወደ 7 ሲጠጋ ነው። እርሳስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ከዚህ ቢዘገይ ብዙ ጊዜ ልምምድ አጥቶ ነው እንጂ አእምሮው ዘግይቶ አይደለም።

4 ዓመት ሲጠጋ ሰው ይስላል፤ ትልቅ ራስ፣ ከራሱ የወጡ ሁለት እግሮች፣ ሆድ የለም። ያምራል፣ አይንኩት። ከ5 እስከ 8 የሚስሉት ያዩትን ሳይሆን የሚያውቁትን ነው። ግድግዳው ተዘግቶ እያለ ውስጥ የተቀመጠችው እናት ትታያለች፤ ጥጃው በላሚቱ ሆድ ውስጥ ይታያል። አያት ከቤቱ ትበልጣለች፣ ለልጁ ትልቅ ናትና። ፈረንሳዊው ዦርዥ አንሪ ሉኬ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የልጆች ሥዕል ጥናት ላይ ይህን አንዱ ደረጃ አድርጎ አስቀምጦታል። የወለጋም ልጅ እንዲሁ ያደርጋል።

9 ወይም 10 ዓመት ሲሆናቸው ልጆች «አልችልም» ማለት ይጀምራሉ። ዓይናቸው ከእጃቸው ቀድሞ በስሎ ስሕተቱን ያያሉ። ብዙው ሰው ሥዕልን ለዘለዓለም የሚተወው እዚህ ዕድሜ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ዕድሜ ማሞገስ ብቻ አይበቃም። አተያይ ያስተምሩ፦ የቅርቡ ነገር የራቀውን ይጋርዳል፤ የራቀው ያንሳል፤ ብርሃን በዚህ በኩል ከመጣ ጥላው በዚያ ነው።

ግራ እጁ የሚቀናውን ልጅ ወደ ቀኝ አያዙሩት። ነውር ነው የሚሉ አያቶች አሉ፤ በአክብሮት ያስረዷቸው፣ ልጁን ግን ይጠብቁት።

4. ሞዴል አይስጡት፣ እጁን አይያዙት

«እማዬ፣ ፈረስ ሳይልኝ» ሲል እጅ ይበላል። አይሳሉለት። እርስዎ የሳሉትን ፈረስ ካየ በኋላ የራሱን ይንቃል፤ ከዚያ ወዲያ የእርስዎን መቅዳት ነው ሥራው። በምትኩ ይጠይቁት፦ ፈረስ ስንት እግር አለው? ጅራቱ ከየት ይወጣል? ስትጋልበው እጅህ ምኑን ይይዛል? መልሱን እየሰጠ ይስለዋል።

የታተመ ሥዕል ውስጥ ቀለም መሙላትም ሆነ በነጠብጣብ ላይ መከተል ጣትን ያሠለጥናል፣ ውሳኔን ግን ከልጁ ይወስዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. ካሪን ጄምስና ላውራ ኤንግልሃርት የተባሉ ተመራማሪዎች ገና ማንበብ ያልጀመሩ የ5 ዓመት ልጆችን አንዳንዱን ፊደል በነጻ እጅ እንዲጽፉ፣ አንዳንዱን በነጠብጣብ ላይ እንዲከተሉ፣ አንዳንዱን በኪቦርድ እንዲመቱ አደረጓቸው። ከዚያ ፊደላቱን ሲያዩ አንጎላቸውን በማግኔት ምርመራ ተመለከቱ። ለንባብ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል የተነቃቃው በነጻ እጅ ለተጻፉት ፊደላት ነው። ጠማማ ሆኖ በራስ እጅ የወጣው መስመር ቀጥ ብሎ ከተከተለው የበለጠ ያስተምራል ማለት ነው።

5. የሚሳለውን ነገር ከአካባቢው ያምጡለት

«የፈለግኸውን ሳል» የተባለ ልጅ ብዙ ጊዜ ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ፀሐይ፣ ያንኑ አበባ ይስላል። ጥያቄውን ያጥብቡት።

ቡና ከሁሉ ይሻላል። ቅርንጫፍ ቆርጠው በርጩማው ላይ ያስቀምጡ። ቅጠሎቹ ትይዩ ናቸው ወይስ ተፈራርቀው ነው የወጡት? ፍሬው የሚቀመጠው የት ላይ ነው? መጀመሪያ ለሁለት ደቂቃ እጁን ሳያነሳ ይይ፣ ከዚያ ይሳል። ያንኑ ዓይነት ቅርንጫፍ ሲያብብ፣ ፍሬው አረንጓዴ ሲሆን፣ ሲቀላ፣ ከዚያም ጀንፈሉን ቢስል በዓመት ውስጥ አራት ሥዕል ይኖረዋል። ለውጥን ማስተዋል እንዲህ ነው የሚለመደው።

ቅደም ተከተልን ለማስተማር ካርቶኑን በስድስት ቤት ይክፈሉት፦ መልቀም፣ ማድረቅ፣ መቀሸር፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ በጀበና ማፍላት። አንዱን ቤት ከዘለለ አይንገሩት። «ሳይወቀጥ ነው እንዴ ጀበና ውስጥ የገባው?» ብለው ይሣቁ፣ ራሱ ያገኘዋል።

ከ7 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ያሥሉት፦ ገበያው፣ ባጃጅ የሚቆምበት፣ ድልድዩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ። ከላይ እንደምታይ ወፍ ሆኖ ማሰብ ከባድ ነው፣ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። በሚቀጥለው ቀን ሥዕሉን ይዘው አብረው ይሂዱበት፤ የረሳውን ራሱ ይጨምራል።

ነቀምቴ ውስጥ ከሆኑ ወደ ወለጋ ሙዚየም ወይም ወደ ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ይውሰዱት። ሁሉንም አይዙሩ። አንድ ዕቃ፣ ወይም አንድ የእንጨት ምሰሶና ጣሪያ መርጦ ይሳልና ይመለሱ። ደምቢ ዶሎ የወርቅ አንጥረኞች ከተማ ናት፤ አስፈቅደው አንጥረኛው ክሩን ሲጠመዝዝ ልጁ ቢያይ የመስመርን ጥበብ ከዚያ ይማራል።

ጭቃንም አይርሱ። ላሚቱን በጭቃ የሠራ ልጅ በማግሥቱ ሲስላት የኋላዋንም ጭምር ያስባል።

6. አፍዎን ይጠብቁ

ከመሣሪያው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፣ የሚከብደውም ይኸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አይበሉ። ልጁ ግልጽ ነው ብሎ የሳለውን እርስዎ እንዳላወቁት ይነግረዋል። «ጎበዝ!» ብሎ ማለፍም እምብዛም አይጠቅም፤ ልጁ ምኑ እንደተወደደለት አያውቅም። «እንዲህ አይደለም፣ ላም እንዲህ ናት» ብሎ እርሳሱን መቀማት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው።

በምትኩ ያዩትን ይናገሩ፦ «እዚህ ጋ አጥብቀሽ ተጫንሽው»፣ «አባባን ከዛፉ አጠገብ አደረግሽው»። ከዚያ «እስቲ ንገሪኝ» ይበሉና ዝም ይበሉ። በኦሮምኛ የምታስብ ልጅ «ናቲ ሂሚ» ትባል፣ በኦሮምኛም ትመልስ። በቤት የሚነገረውን ቋንቋ ለሥዕል ሲሉ አይቀይሩባት፤ ሐሳብ የሚያድገው በሚቀልለው አንደበት ነው። ዝምታው ረጅም ቢመስልዎም ይታገሡ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚመጣው ወላጅ ሊነሳ ሲል ነው።

እንዲህ ያለ ንግግር ይሰሙ ይሆናል («አኮ» በኦሮምኛ ሴት አያት ናት)፦

«እሷ አኮ ናት። እንጀራ እየጋገረች ነው።»

«ጭሱ ወዴት እየሄደ ነው?»

«በዚህ በኩል። በሩ ተከፍቷል። ውይ፣ በሩን አልሳልኩትም!»

ልጅቷ በሩን ያገኘችው ተነግሯት ሳይሆን ስለ ጭሱ ስታወራ ነው። በኒውዚላንድ በ1995 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የእሳት አደጋ ጣቢያ የጎበኙ የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች ስለ ጉብኝቱ እየሳሉ እንዲናገሩ ሲደረግ፣ በቃል ብቻ ከተጠየቁት የበለጠ ዝርዝር ተናግረዋል። በ3 እና በ4 ዓመት ልጆች ላይ ግን ልዩነቱ አልታየም። ስለዚህ ከትንንሾቹ ብዙ ወሬ አይጠብቁ።

7. ወደ ፊደልና ወደ ቁጥር ያሻግሩት

ታሪኩን ሲነግርዎ ቃል በቃል ከሥዕሉ ሥር ይጻፉለትና ያንብቡለት። በትምህርት ቤት በቁቤ የሚማር ከሆነ በቁቤ፣ ፊደል የጀመረ ከሆነ በፊደል። ሰዋስውን አያርሙ። ከጊዜ በኋላ አንዲቱን ቃል ራሱ ይጻፍ፤ ሌላውን እርስዎ።

ለቁጥር ስፌት አለ። ሰፌዱን ወይም ሌማቱን አውርደው አለላው በምን ሥርዓት እንደሚደጋገም አብረው ይቁጠሩ፦ ሁለት ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ ሦስት ጥቁር። ልጁ ይህን ሥርዓት በካርቶን ላይ ይቀጥል፣ ቀጥሎ የራሱን ይፍጠር። ስፌት የምታውቅ አያት ካለች ከመጽሐፍ የተሻለች መምህር ናት።

8. በሽልማት አያሠሩት

«ከሳልክ ብር እሰጥሃለሁ» አይበሉ። ሌፐር፣ ግሪንና ኒዝቤት በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስታንፎርድ በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት በማርከር መሳል የሚወዱ ልጆችን ከፋፍለው ለአንዱ ክፍል የምስክር ወረቀት ቃል ገቡለት። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሩ በነጻ ሲቀርብላቸው ቃል የተገባላቸው ልጆች የሳሉት ሌሎቹ ከሳሉበት ጊዜ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር። ሥዕሉ ለሽልማት የሚሠራ ሥራ ሆኖባቸው ነበር። ወንድምና እህትን ማወዳደርም እንዲሁ ያደርጋል።

ሥዕሉን ግን ያስቀምጡ። ጀርባው ላይ ቀኑንና ዕድሜውን ይጻፉ፣ በካርቶን ማኅደር ከጣሪያ ፍሳሽ ርቆ ይቀመጥ። ሁሉንም ማኖር አይቻልም፤ በወር ሁለቱን ልጁ ራሱ ይምረጥ።

9. ከባድ ነገር ሲስል

በነዚህ ዓመታት በወለጋ ብዙ ልጅ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ውሏል፣ ከቀዬው የተፈናቀለም አለ። ስለዚህ ጠመንጃ፣ የሚነድ ቤት ወይም የወደቀ ሰው ቢስል አይደንግጡ፣ ወረቀቱንም አይቅደዱ። «ለምን እንዲህ ያለ ነገር ትስላለህ?» ከተባለ ነገሩ ከወረቀቱ ይጠፋል፣ ከሐሳቡ ግን አይጠፋም። አጠገቡ ይቀመጡ፣ ማውራት ከፈለገ ይስሙ፣ ካልፈለገ አይጫኑት። ሥዕልን እንደ ሕልም መፍታትም አይጀምሩ፤ ጥቁር ቀለም ማብዛቱ ከከሰል ሌላ ስለሌለው ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ጠርቶ ማሳየትም ለልጁ ማሳፈር ነው።

ያንኑ ሥዕል ለሳምንታት እየደጋገመ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ አልጋ ማርጠብ ጀምሮ ወይም ከሰው ሸሽቶ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ይህ ከሥዕል አቅም በላይ ነው።

10. መምህር ከሆኑ

በኦ-ክፍል 60 ልጅ ይዘው ለእያንዳንዱ ወረቀት ማደል ላይችሉ ይችላሉ። ሲያባራ በግቢው ረጠብ ያለ አፈር ላይ በእንጨት፣ ሲዘንብ በሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ያሥሏቸው። ለየአምስቱ አንድ ካርቶን ይስጡና ልጆቹ አንድ ገበያ ባንድ ላይ ይሳሉ፤ ማን ሻጭ፣ ማን በሬ፣ ማን ባጃጅ እንደሚስል ተስማምተው ይከፋፈሉ። መስማማቱም ትምህርት ነው። በየቀኑ አምስት ልጆች ብቻ ሥራቸውን ይናገሩ፤ በ12 የትምህርት ቀን ሁሉም ይደርሳቸዋል። ሰሌዳው ላይ የእርስዎን ሥዕል ስለው «ይህን ቅዱ» አይበሏቸው። የሚመጡት 60 ሥዕሎች የማይመሳሰሉ ከሆነ ክፍለ ጊዜው ሠርቷል።